በቤተሰባችን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያልተጻፈው ስም



ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። ከሁለታችን አንዷ ደሴ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ሌላው የደቡብ አውስትራሊያ ተወላጅ ነው። ጌታ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አገናኝቶን፣ ዛሬ ከሁለት ልጆቻችን ጋር በአደሌድ ከተማ እንኖራለን። የምናካፍላችሁ ነገር ለመጻፍ ቀላል አልነበረም። ብዙ ጊዜ ጸልየንበታል። የሚመለከታቸውን የቤተሰባችንን ሰዎችም አስፈቅደናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው በልጅ የቤት ሥራ ነው። ትልቋ ልጃችን የቤተሰቧን የዘር ሐረግ ጽፋ እንድታመጣ ከትምህርት ቤት ታዘዘች። በእናቷ በኩል ያለው አላስቸገረንም። ደሴ ደወልን፤ አያቷም እንደ አገራችን ልማድ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ስም በስም ቆጠሩላት። በአባቷ በኩል ግን ዕድሜ የጠገበ አንድ ትልቅ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነበረን። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በብሉይና በአዲስ ኪዳን መካከል በተተወ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር። የእኛም እንዲሁ ነው። በገጹ ራስ ላይ የአንድ ሰው ስም አለ፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚስቱ፤ ከዚያ 1866 የሚል የጋብቻ ዓመት፤ ከሥር የዘጠኝ ልጆች ስም። ከዘጠኙ በሁለቱ ስም አጠገብ መስቀል ተደርጓል።

ልጃችን ገጹን ትክ ብላ አየችና፣ «ከእሱ በፊትስ ማን ነበር?» አለች። መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ ሰው በቤተሰቡ የሚነገር ታሪክ ነበር። የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት የሆኑት የአውስትራሊያዋ እናታችን ደጋግመው ይነግሩን ነበር። ወጣት ሳለ ጌታ ጠርቶት፣ ማንንም ሳይዝ፣ ብቻውን ባሕር ተሻግሮ መጣ። በሙንታ የመዳብ ማዕድን ከመሬት በታች እየሠራ፣ እሁድ እሁድ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ይሰብክ ነበር። በቤታችን እምነት የጀመረው በእሱ ነው። እኛም ይህን ታሪክ በጉባኤ ፊት ቆመን እንደ ምስክርነት የተናገርንባቸው ጊዜያት አሉ።

ፍለጋውን የጀመርነው ይህን መልካም ታሪክ የበለጠ ለማወቅ ነበር። ከመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሬድሩት ተወላጅ መሆኑን አገኘን። ሬድሩት በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል በሚባል ክፍለ ሀገር ያለች ከተማ ናት። አካባቢው በመዳብና በቆርቆሮ ማዕድን የታወቀ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዓለም መዳብ ብዙው የሚወጣው ከዚያ ነው። በወንጌልም የታወቀ ስፍራ ነው። ጆን ዌስሊ ወደ ኮርንዎል መጀመሪያ የሄደው በ1743 ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም በድንጋይ የተቀበሉት ብዙዎች ነበሩ። በኋላ ግን ማዕድን ሠራተኞቹ ልባቸውን ከፈቱ። በሬድሩት አጠገብ ግዌናፕ በሚባል ቦታ፣ በማዕድን ቁፋሮ ምክንያት ሰምጧል በሚባል ጎድጓዳ ሜዳ ላይ ዌስሊ ከ1762 ጀምሮ አሥራ ስምንት ጊዜ ሰብኳል። አማኞቹ በየሳምንቱ አሥር አሥራ ሁለት እየሆኑ ይሰበሰቡና፣ «ነፍስህ እንዴት ናት?» ተባብለው ይጠያየቁ ነበር። የዛሬው የቤት ለቤት ኅብረታችን ዓይነት ማለት ነው።

የእንግሊዝን መዛግብት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ እንዲህ ነው። ከጁላይ 1837 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት ይመዘገባል። ከዚያ በፊት ያለው በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይገኛል። ከ1841 ጀምሮ ደግሞ በየአሥር ዓመቱ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ በዚያች ሌሊት በእያንዳንዱ ቤት ማን እንዳደረ በስም ተጽፏል። እኛም ልጆቹ ከተኙ በኋላ በኮምፒውተር ፊት ተቀምጠን ገጽ በገጽ እናገላብጥ ጀመር።

አገኘነው። በ1841 የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ከእናት አባቱ ጋር ነው። በ1851 ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ሥራው «የመዳብ ማዕድን ሠራተኛ» ይላል። በእነዚያ አሥር ዓመታት መካከል ኮርንዎል ተርባ ነበር። አየርላንድን የጨረሰው የድንች በሽታ እዚያም ደርሶ ነበር፤ በ1847 የእህል ዋጋ ሲንር ማዕድን ሠራተኞች እህል ወደ ሌላ አገር እንዳይጫን ብለው ወደብ ድረስ ወጥተው አምፀዋል። ይህን ስናነብ ከሁለታችን ወሎ ያደገችው ዝም አለች። የራብ ታሪክ ለእሷ የመጽሐፍ ታሪክ አይደለም።

ያን ጊዜ ደቡብ አውስትራሊያ ሰው ትፈልግ ነበር። ቅኝ ግዛቷ በ1836 ስትመሠረት፣ መሬት ተሸጦ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ የሠራተኞች የመርከብ ጉዞ እንዲከፈል ነበር የታቀደው። በ1845 በቡራ ትልቅ የመዳብ ማዕድን ሲከፈት፣ ከመሬት በታች መሥራት የሚያውቁት የኮርንዎል ሰዎች በብዛት ተፈለጉ። በሺህ የሚቆጠሩት ከፕሊመዝ ወደብ ተሳፈሩ። ጉዞው ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። በመርከቡ ውስጥ ያላገቡ ወንዶች ከፊት፣ ቤተሰቦች ከመካከል፣ ያላገቡ ሴቶች ከኋላ ይቀመጡ ነበር።

የእኛን ሰው በ1855 በመጣች አንዲት መርከብ የተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ አገኘነው። ከፊት፣ ካላገቡት ወንዶች ጋር ነው። ደስ አለን። «ብቻውን መጣ» የሚለው ታሪክ እውነት ነበር አልን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የወላጆቹን ጋብቻ ፍለጋ የዚያውን አጥቢያ መዝገብ ስናገላብጥ፣ ያልፈለግነውን አገኘን። 1853። ስሙ የእሱ ስም ነው። የአባቱ ስምና ሥራ ያው ነው። መንደሩም ያው ነው። አጠገቡ የአንዲት ሴት ስም አለ። ሁለቱም መጻፍ ስለማይችሉ በፊርማ ፋንታ የኤክስ ምልክት አድርገዋል።

«የስም መመሳሰል ይሆናል» አልን። በእውነት ይህ እንዲሆን ተመኘን። ነገር ግን በ1854 የሴት ልጅ ጥምቀት አገኘን፤ አባትየው ያው ሰው። ከዚያ በኤፕሪል 1861 የተደረገውን ቆጠራ ከፈትን። አንዲት የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ከስድስት ዓመት ልጇ ጋር በአንድ ክፍል ትኖራለች። ሥራዋ በማዕድኑ ደጅ በመዶሻ ድንጋይ መስበር ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ የኮርንዎል ሴቶች በዚህ ይተዳደሩ ነበር። ከስሟ ጎን «ያገባች» ተብሏል። ጸሐፊው ጥቂት ቃል ጨምሮበታል፤ ባሏ አውስትራሊያ ነው።

እነዚያን ቃላት ስናነብ ሁለታችንም ያሰብነው አንዲት ሰው ነበር። ደሴ አንዲት አክስት አለችን። ሰው ስለ ባሏ ሲጠይቃት፣ «ባለቤቴ ውጭ ነው» ትላለች። ይህን ማለት ከጀመረች ሃያ ዓመት አልፏል። ስለ እሷ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

የ1871ን ቆጠራ ከፈትን። ያች ሴት አሁንም እዚያው ቤት ናት፤ አሁንም «ያገባች»፤ ሥራዋ ልብስ ማጠብ ሆኗል። በ1866 የመዳብ ዋጋ ወድቆ የኮርንዎል ማዕድኖች አንድ በአንድ ስለተዘጉ ድንጋይ መስበሩም ቀርቷል። ያ 1866 ባሏ በሙንታ ሌላ ሴት ያገባበት ዓመት ነው። በሙንታው የጋብቻ መዝገብ ላይ «ያላገባ» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ ፊርማው አለ። በ1853 ስሙን መጻፍ የማይችለው ሰው በ1866 አጥርቶ ይፈርማል። ባሕር ማዶ መጻፍ ተምሯል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ያመመን ይህ ነው። ደብዳቤ መጻፍ ይችል ነበር።

የ1881ን ቆጠራ ስንከፍት እጃችን እየተንቀጠቀጠ ነበር። ያው ቤት፣ ያች ሴት። አሁን ግን «ባሏ የሞተባት» ይላል። ባሏ አልሞተም። በሙንታ ቆሞ እየሰበከ ነበር። የሞተው በ1899 ነው።

ስለ ሕጉ ጠየቅን፤ ምናልባት የሚያቀልለት ነገር ይገኝ እንደሆነ ብለን። በእንግሊዝ እስከ 1857 ድረስ ተፋትቶ እንደገና ለማግባት በፓርላማ የሚወጣ ልዩ ሕግ ያስፈልግ ነበር፤ ያ የባለጠጎች ነገር ነው። ከዚያ በኋላም ፍርድ ቤቱ ለንደን ነበር፤ ወጪውም ለድሃ የሚቀመስ አልነበረም። በትዳር ላይ ትዳር መመሥረት እስከ ሰባት ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነበር። ሆኖም የትዳር ጓደኛው ለሰባት ዓመት በተከታታይ የራቀና በሕይወት መኖሩንም ያላወቀ ሰው አይቀጣም። የእኛ ሰው ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ግን የራቀው እሱ ነው። እሷማ ትቷት በሄደበት ቤት ነበረች።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር ለእኛ ውስብስብ ነው። ይህ ሰው ቃል ኪዳኑን ቢጠብቅ ኖሮ ከሁለታችን አንዳችን አንወለድም ነበር። ልጆቻችንም አይኖሩም። የመጣነው ከሁለተኛው ትዳር ነው። ራሳችንን እንደ ፈራጅ አድርገን ልንቆም አንችልም፤ እንዳላየን ልናልፍም አንችልም።

የሙንታ ኑሮውንም ተከታተልን። ሙንታ ከአደሌድ ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መዳብ የተገኘው በ1861 ነው፤ የማዕድኑ ኩባንያም በአውስትራሊያ ለባለድርሻዎቹ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ ያከፋፈለ የመጀመሪያው የማዕድን ኩባንያ ሆነ። ሠራተኞቹ ግን ንጹሕ ውሃ አልነበራቸውም። ታይፎይድ ልጆችን ይጨርስ ነበር፤ በሙንታ መካነ መቃብር ምልክት የሌላቸው የሕፃናት መቃብሮች ብዙ ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱሱ ላይ መስቀል ያለባቸው ሁለቱም እዚያ ናቸው። በ1865 የተሠራው ትልቁ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን 1,250 ሰው ያስቀምጣል፤ ዛሬም ቆሟል። በ1870ዎቹ አጋማሽ በከተማዋ ታላቅ መነቃቃት ሆኖ ብዙዎች ወደ ጌታ መጥተው ነበር። የእኛ ሰው ስም በሰባኪዎች ተራ ላይ መታየት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ተለወጠ። ይህ ሰው ግብዝ ነበር ወይስ የዳነ? ንስሐ ገብቶ ከሆነ፣ ንስሐው ለምን ሬድሩት አልደረሰም? አንዳችን በጣም ተቆጣን። ሌላችን ደግሞ ተሟገትን፤ «እግዚአብሔር ይቅር ካለው እኛ ማን ነን?» አልን። ለብዙ ቀናት የተነጋገርነው ስለዚህ ነው። አንድ ጊዜማ ጸሎት ላይ ተቀምጠን ስለ አንድ የሞተ ሰው ተጣላን።

ቆይተን ያስተዋልነው ነገር አለ። ሁለታችንም የምንከራከረው ስለ እሱ ብቻ ነበር። ዳነ፣ አልዳነም፤ መልካም ነው፣ ክፉ ነው። በክርክራችን ውስጥ እሷ አልነበረችም።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይቆጥርም። ማቴዎስ ምዕራፍ 1ን በሌላ ዓይን አነበብነው። የጌታችን የዘር ሐረግ ነው፤ ሊያምር የሚችል ሐረግ። ግን ትዕማር አለች፣ ረዓብ አለች፣ ሩት አለች። ቤርሳቤህ ጋ ሲደርስ ወንጌላዊው በስሟ አይጠራትም፤ የኦርዮ ሚስት ብሎ ይጽፋታል። ዳዊት ይቅርታ አግኝቷል። መዝሙሩን እንዘምራለን። የኦርዮ ስም ግን ከገጹ አልተፋቀም። ይቅርታ የተበደለውን ሰው ስም አያጠፋም ማለት ነው። በዘፍጥረት 16 ደግሞ በምድረ በዳ የቀረችው አጋር እግዚአብሔርን የሚያየኝ ብላ ጠራችው። ሚልክያስም በምዕራፍ 2 በወጣትነት ለተገባ የትዳር ቃል ኪዳን ምስክሩ ራሱ እግዚአብሔር እንደሆነ ያስታውሰናል። ሬድሩት ውስጥ ድንጋይ ስትሰብር የነበረችውን ሴት የቆጠራው ጸሐፊ በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ አያት። እግዚአብሔር በየቀኑ ያያት ነበር።

ስለ ዝምድናው እርግጠኛ ለመሆን የዲኤንኤ ምርመራ አደረግን። ከጥቂት ወራት በኋላ ከኮርንዎል አንድ መልእክት መጣ። የጻፉልን ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ የተወለዱት ከ1854ቷ ሕፃን ዘር ነው። በእነሱም ቤት ታሪክ ነበር። ቅድመ አያታቸው ወደ አውስትራሊያ ሲሄድ በባሕር ሰጥሞ ሞተ ተብሎ ነው ያደጉት። በእኛ ቤት «ማንንም ሳይዝ መጣ»፤ በእነሱ ቤት «ሰጠመ»። ሁለቱም ታሪክ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ተነገረ። ሁለቱም እውነት አልነበረም።

እኚህ ሴት አንድ ነገር ጨምረው ነገሩን። የተተወችው ሚስት ስታረጅ ልጇ ወደ ቤቷ ልትወስዳት ብትለምናትም እምቢ አለች አሉ። ምክንያቷ አንድ ነበር። ደብዳቤ የሚመጣ ከሆነ ወደዚህ ቤት ነው የሚመጣው። ሦስቱንም ቆጠራ እዚያው ቤት ያገኘናት ለዚህ ነው። በጽሑፍ «ባሏ የሞተባት» ተብላም ደብዳቤ ትጠብቅ ነበር።

ይህን ለእናታችን እንንገራቸው ወይስ አንንገራቸው? አማከርን። አንዳንዶች፣ «በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያደርግላቸዋል? ተዉአቸው» አሉን። ከፍቅር የመጣ ምክር ነበር። ግን ኃጢአቱን የሚሰውር እንደማይለማ ምሳሌ 28 ይነግረናል፤ የሌላውን ኃጢአት በመሰወርም በረከት አይገኝም ብለን አመንን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዘን ሄድንና ሁሉንም አሳየናቸው።

እናታችን ዝም ብለው አዳመጡ። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ፣ «ስሟ ማን ነበር?» አሉ። ነገርናቸው። ተነሥተው ትልቁን መጽሐፍ ቅዱስ አመጡና መነጽራቸውን አድርገው፣ እስክሪብቶ ይዘው፣ ከ1866 በላይ ባለው ጠባብ ቦታ ላይ በሚንቀጠቀጥ እጅ ጻፉት። የእሷን ስም። 1853። የልጇን ስም። 1854። ሲጨርሱ፣ «አሁን ገጹ እውነት ሆነ» አሉን።

ስሟን እዚህ አንጽፍም፤ ዘሮቿ በሕይወት አሉና የእነሱ ነው። ግን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ላይ አለ።

አሁን ወደ አክስታችን እንመለስ።

የአክስታችን ባል ለሥራ ወደ ውጭ የሄደው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይደውል ነበር፤ ከዚያ ጠፋ። እኛ ግን የት እንዳለ እናውቅ ነበር። ሌላ ትዳር መሥርቶ፣ ልጆች ወልዶ እንደሚኖር ካወቅን ስድስት ዓመት ሆኖናል። ሌሎችም ዘመዶች ያውቁ ነበር። «እንዳይከፋት» ብለን ሁላችንም ዝም አልን። እሷ ደግሞ ስልክ ቁጥሯን እንድትቀይር በተነገራት ቁጥር እምቢ ትላለች። «ይኼን ቁጥር የሚያውቅ ሰው አለ» ትላለች።

የሬድሩቷን ሴት ታሪክ ከሰማን በኋላ እንቅልፍ አጣን። አንድን ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ሰው ደብዳቤ አልጻፈም ብለን ስንፈርድበት፣ እኛ ራሳችን የምንደውለውን ስልክ አልደወልንም ነበር። «ማንንም ሳይዝ መጣ» የሚለውን ታሪክ ለልጆቻቸው የነገሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። እንደ እኛ ቤተሰብን ከኀፍረት የሚጠብቁ መስሏቸው ነበር።

ደወልን። አስቀድመን እህቷ አጠገቧ እንድትሆን አደረግን። እየፈራን፣ ይቅርታ እየጠየቅን ነገርናት። አክስታችን አላለቀሰችም። እንዲህ አለችን፦ «እኔ እኮ አውቄዋለሁ ልጆቼ። ከቆየሁ። የጠበቅሁት እሱን አይደለም፤ ከእናንተ አንዳችሁ እስክትነግሩኝ ነው።»

ይህን ቃል ስንሰማ ያለቀስነው እኛ ነን።

ዛሬ አክስታችን በአጥቢያዋ ባሎቻቸው ውጭ ሄደው ከቀሩባቸው ሴቶች ጋር ትጸልያለች። ቁጥሯን አልቀየረችም፤ «አሁን የሚደውሉልኝ ሌሎች ናቸው» ትላለች። እኛም በየእሁዱ እንደውላለን።

ባለፈው ወር ሁላችንም ሙንታ ሄድን፤ እናታችንን ይዘን። በመቃብሩ ፊት ቆመን ልጃችን፣ «ይህ ሰው ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?» አለችን። እናታችን መለሱላት፦ «ጸጋ የሚያስፈልገው ሰው ነበር። አያትሽም እንደዚያው ናት።» ከዚያ ስለ እሱ እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ወንጌል ወደ ቤታችን የገባው በእሱ በኩል ነውና። ስለ እሷም አመሰገንን። በሠራባት በደል ላይ ግን ምንም ልብስ አላለበስንበትም።

ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ በስደት ያላችሁ ናችሁ። ምናልባት ከእናንተ መካከል በአገር ቤት የተወው ሰው ያለው ይኖራል፤ ሚስት፣ ባል፣ ልጅ፣ ያረጀች እናት። ምናልባት እንደ እኛ የሚያውቀውን እውነት ይዞ ዝም ያለ አለ። ጌታ ኃጢአትን ይቅር እንደሚል እናምናለን። ይቅር የተባለ ሰው ግን መጻፍ ከቻለ ይጽፋል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ዕለት የበደላቸውን አስታወሰ። ዛሬ ስልክ በእጃችን ነው። የሦስት ወር የባሕር ጉዞ አያስፈልግም።

እናንተም ከተተዉት መካከል ብትሆኑ፣ ስማችሁ በማንም ገጽ ላይ ባይጻፍ እንኳ፣ የሚያያችሁ አምላክ አላችሁ። እሱ ዘንድ የጠፋ መዝገብ የለም።

እንጸልይ፦ አባት ሆይ፣ የአባቶቻችንን በደልና የራሳችንን ዝምታ ይቅር በለን። የተተዉትን የምታይ አንተ፣ ለእኛም ማየትን ስጠን። መናገር የሚገባንን በፍቅር እንድንናገር፣ መመለስ የሚገባንን በትሕትና እንድንመልስ እርዳን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።